ሃምሳ ስምንት ዲግሪ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ መነጽሬን ፈልጌ ፈልጌ ራሴ ላይ አገኘሁት። እማማ ቀድመውኝ ተነሥተው የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍተዋል። ዳቦ በማር በላን። ማሩን ጠረጴዛው ላይ ያንጠባጠብኩት እኔ ነበርኩ፤ እማማ የተቆጡት ግን ማንኪያውን ነው። «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል?» አሉት። እማማ ዕቃ ሁሉ ነፍስ ያለው ይመስላቸዋል። በሰው ላይ መውረድ የነበረበት ቁጣ በማንኪያ፣ በበርና በጫማ ላይ ይወርዳል።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። ቢሮዬ ከወጥ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ስለዚህ በትራንስፖርት አመካኝቼ አላውቅም። ወንበሬን ሳብኩና ከጠረጴዛው ሥር ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመውን ጥቁር ሳጥን በእግሬ አውራ ጣት ተጭኜ አስነሣሁት።

ይህ ኮምፒውተር በቤታችን «ቁጡው» ይባላል። ሲነሣ ጉሮሮውን ይጠርግና ዝም ይላል። ሥራ ሲሰጡት ውስጡ ያለው ሥዕል ሠሪ ግራፊክስ ካርድ መሞቅ ይጀምራል፤ አርባ፣ አርባ ስድስት፣ ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማቀዝቀዣ ፋኖቹ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ። የጠረጴዛው ወረቀት ይርገበገባል። ያኔ እማማ ከጎን ክፍል ሆነው ይጣራሉ።

«ሙሽራዬ! ተቆጣ!»

እኔም ተነሥቼ ሻይ እጥዳለሁ።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ሆኜ ቆይቻለሁ፤ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፣ ማዕረጉን ግን ማንም አልነጠቀኝም።

የሻዩ ነገር እንዲህ ነው። ባለቤቴና እኔ አርክቴክቶች ነን፤ በዚህች ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር የምንሠራው። የጠዋት ሻይ የመጣድ ተራ የእሱ ነበር። ነገር ግን ሥራ ከጀመረ ዓለም ቢገለበጥ አይሰማም። የሚደውል ሰዓት ሙዪልኝ አለ፤ ሞላሁለት፤ ሲጮህ ሳያየው በመዳፉ ደፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። በመጨረሻ ቀላሉን ነገር በከባድ መንገድ መፍታት ልማዱ ነበርና የፋኖቹን ፍጥነት የሚያዘውን ፕሮግራም ከፈተ።

በዚያ ፕሮግራም ላይ አንድ መስመር አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ሙቀት ይጨምራል፤ ከታች ወደ ላይ የፋኑ ፍጥነት ይጨምራል። የጤነኛ ሰው መስመር እንደ ዳገት ቀስ እያለ ይወጣል። የእሱ መስመር ግን ሃምሳ ስምንት ላይ ድንገት ሽቅብ ይዘልላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ስልሳ አንድ ላይ ተመልሶ ይወርድና ከዚያ በኋላ ሥርዓት ይዞ ይወጣል።

«ይሄ ጉብታ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የሻይ ጉብታ ነው» አለኝ። «ሰዓቱን መድፈን እችላለሁ፤ ነፋስን ግን አልደፍንም።»

ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ጉብታው ሲነሣ እሱም ይነሣል። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሻዩን አሁን የምጥደው እኔ ነኝ።

ያን ቀን ቅዳሜ ነበር። ሻዩ ፈልቶ፣ ተቀድቶ፣ ተጠጥቶም የቁጡው ቁጣ አልበረደም። ሙቀቱን አየሁ፤ ሰማንያ ሁለት። እንደ ወትሮው ቢሆን ከስልሳ ስምንት አያልፍም። ቀኑ መጥፎ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ትልቅ ሥራ መጀመር ነበረብኝ።

ሥራው የአንድ ትምህርት ቤት ማንበቢያ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ገና አልተሠራም፤ እኔ ግን እንደ ተሠራ አድርጌ፣ ሰው በውስጡ ሲመላለስ የሚያሳይ የሦስት ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማቅረብ አለብኝ። ሦስት ደቂቃ ማለት አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ሥዕል ነው። ቁጡው አንዱን ሥዕል በአንድ ደቂቃ ይሠራል። ሰኞ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀን ከሌት ሳያርፍ ቢሠራ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ይጨርሳል። ሥራውን የሰጠኝ ተቋራጭ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ማሳየት አለበት። ትርፍ አራት ሰዓት አለኝ ማለት ነው።

«እህቴ፣ ካልደረሰ ንገሪኝ» ብሎኛል ተቋራጩ። «ሌላ ቢሮ አለ። አሥራ ሁለት ሠራተኛ አላቸው። እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ ፏፏቴ ሁሉ አለ።»

እኛ ፏፏቴ የለንም፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግን አለን። በዚያ ግማሽ ዓመት በእጄ የነበረው ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ይህ ሥራ ከሄደ እኔና ባለቤቴ የከፈትነውን ቢሮ መዝጋቴ ነው። ስለዚህ ሰማንያ ሁለት የሚለውን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ቆሞ እንደሚያየኝ ድመት አየሁትና ስልኬን አንሥቼ ዶክተርን ጠራሁ።

ዶክተር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ዶክተር ያሰኘው እንደ ሐኪም መጠየቁ ነው። ብስክሌቱን ደጅ አስደግፎ፣ የሱሪውን ግርጌ ከካልሲው አውጥቶ ገባና ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ።

«መቼ ጀመረው?»

«ዛሬ።»

«ያልባል? ያስለዋል?»

«ይጮሃል።»

«ሲጮህ ደህና ነው። ዝም ካለ ነው የሚያሰጋው።»

እማማ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ዶክተር ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ሲል መላጣው መብራት አንጸባረቀ።

«ልጄ፣ ፀጉርህን ፋን ነው የወሰደው?» አሉት።

«እማማ፣ ሙቀት ሽቅብ ነው የሚወጣው። የእኔ መውጫ ክፍት ስለሆነ አልቆጣም።»

«ብርድ ይመታሃል እንጂ! ኮፍያ እሠራልሃለሁ።»

«ይሥሩልኝ! ለሠርጌ አደርገዋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«ኮፍያው እስኪያልቅ አንዷን አላጣም።»

ሳጥኑን ከፍቶ በነፋስ መርጫ ሲያጸዳው የወጣው አቧራ ሌላ ትንሽ ቤት የሚሠራ ነበር። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቤታቸው ውስጥ፣ ያውም በእንግዳ ፊት፣ ይህን ያህል አቧራ መገኘቱ እንደ ስድብ ነው ለእሳቸው።

«እማማ፣ የዚህ ጠላቱ አቧራ ነው» አለ ዶክተር። «ሌላ ምንም አይደለም። አቧራ ነው የሚገድለው።»

«ይገድለዋል?»

«ይገድለዋል።»

ይህን ሲል የማን ጆሮ ውስጥ ምን እየዘራ እንደሆነ አላወቀም። እኔም አላወቅሁም።

ሙቀቱ ወደ ስልሳ ስምንት ወረደ። ዶክተር ለማረጋገጥ የፋኑን ፕሮግራም ከፈተና መስመሩን አይቶ ሳቀ።

«ይሄን የሣለው ሰው ግመል አሳዳሪ ነው?»

«የቤት ሰው ነው» አልኩ።

«ላስተካክለው? ሥራ የለውም እኮ ይሄ ጉብታ። ፋኖቹን በከንቱ ያደክማል።»

«አይሆንም። እንዲህ ነው የለመደው።»

«ማን? ማሽኑ?»

«ማሽኑ» አልኩ።

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ተወው።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ሥራውን አስጀመርኩት። ሃምሳ ስምንት ላይ ተቆጣ፤ ሻይ ጣድኩ። በሦስት ሰዓት ስልሳ ስምንት ላይ ረግቶ እንደ ጥሩ በሬ ያዘግማል። እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ።

«እግርሽን አንሺ።»

አነሣሁ። ከጠረጴዛው ሥር ገብተው ጠረጉ፤ ከልማዳቸው ትንሽ ቆዩ። «አቧራ የሚባል አላስቀርም» አሉ ከሥር ሆነው። ጎሽ አልኩ በልቤ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱን ስመለከት ሰባ አራት ሆኗል። የቀኑ ፀሐይ ነው ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁና ቁጥሩን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩት። ማታ ወደ ስልሳ ስምንት ተመለሰ፤ በዚያው አደረ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና «እግርሽን አንሺ»። በአምስት ሰዓት ሰማንያ ሦስት። ካርዱ ሰማንያ ሦስት ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል። አንዱ ሥዕል ከአንድ ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ሄደ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከአራቱ ትርፍ ሰዓቶቼ አንዱ እንደ በረዶ ሲቀልጥ ታየኝ። ዶክተርን ጠራሁት።

በሩ ሲንኳኳ እማማ ከእኔ ቀድመው ወደ ቢሮው ገቡ። «እንግዳ ሊገባ ነው፤ ከሥር አንድ ጊዜ ልጥረግ» አሉ። እኔ ዶክተርን ልቀበል ወጣሁ። እሱ ገብቶ ተንበርክኮ ሙቀቱን ሲያይ ሰባ ስድስት፤ ሰባ፤ ስልሳ ሰባት።

«የታለ ሕመሙ?»

«አሁን ሰማንያ ሦስት ነበር እኮ!»

«አይዞዎት፤ አውቀዋለሁ ይሄን በሽታ። የሐኪም ደጅ ሲያይ የሚድን ሕፃን አለ አይደል?»

ቢሆንም ባዶ እጁን አልተመለሰም። ሥራውን አስቁሞ ካርዱን አወጣና በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባው። አንድ ሰዓት ሄደ። ሥራው ሲቀጥል ስልሳ ስድስት ሆነ፤ እሱም ብስክሌቱን ይዞ እያፏጨ ሄደ። እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። «የሰው እግር አቧራ ያመጣል። እግርሽን አንሺ።» አሥር ሰዓት ላይ ሰማንያ አራት ሆነ።

እነሆ፣ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ስለ አየር ዝውውር ፈተና ወድቄ አላውቅም። ደብተሬ ላይ ሰዓቱንና ዲግሪውን አሰልፌ፣ በቀይ አስምሬ፣ ፀሐይ ነው፣ መብራት ኃይል ነው፣ ዕድሜው ነው እያልኩ ተፈላሰፍኩ። መጥረጊያ የሚለው ቃል በደብተሬ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም።

ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት ዘጠና አንድ ደረሰ። ፋኖቹ ጩኸታቸውን አሰሙና ቀጥ አሉ። ስክሪኑ ጠቆረ። ስልኬ የጠራው ልክ ያኔ ነው።

«እህቴ፣ እንዴት ነው? እየሄደ ነው?» አለ ተቋራጩ።

«እየሄደ ነው» አልኩ ጥቁሩን ስክሪን እያየሁ።

«ነገ ስድስት ሰዓት።»

«ነገ ስድስት ሰዓት።»

ዶክተር ሲመጣ እንደ ወትሮው እማማ ቀድመው ገብተው ጠራርገው ወጡ። ማሽኑን አስነሣው፤ ሥራውን ካቆመበት አስቀጠለው፤ ስልሳ ስምንት። ወለሉ ላይ ተቀመጠና መላጣውን በመዳፉ አሸ።

«እህቴ፣ አቧራውን አጸዳሁ። ቅባቱን ቀየርኩ። ያልነካሁት አንድ ነገር ነው፤ የግመሉን መስመር።»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«ምናልባት ጉብታው ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይደናገራል። እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ሌላ ምን ቀረኝ? አሮጌውን ፕሮግራም ከነሥሩ ነቅዬ አዲስ ልጫንና ፋብሪካው እንዳወጣው ይሁን። ይፍቀዱልኝ።»

ሰዓቱን አየሁ። ከአራቱ ትርፍ ሰዓቶች ያለችኝ አንድ እንኳ ሙሉ አይደለችም።

«እሺ» አልኩ።

ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየና ዞር ብሎ አየኝ። ጥሩ ሰው ነው። «የሚፈልጉት ከሆነ መስመሩን ልቅዳልዎት? በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። አንድ ሴኮንድ ነው።»

ፎቶ ያንሡልኝ ብለው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል። ለምን ካለኝ ስለ ሻዩ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለ ሻዩ ከተናገርኩ ደግሞ የት እንደማቆም አላውቅም። ሰው ፊት የማልከፍተው አንድ መሳቢያ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

«አያስፈልግም» አልኩ። «ያጥፉት።»

አጠፋው።

አዲሱን ሲጭን መስመሩ ቀጥ ያለ ንጹሕ ዳገት ሆነ። ስልሳ አምስት። ፋኖቹ እንደ ሰለጠነ አሽከር በእግር ጣታቸው ይሄዳሉ። ዶክተር ደስታው ፊቱን አበራው። «ይኸው! ግመሉ ነበር!» ብሎ ሄደ።

ሃያ ደቂቃ አልቆየም። «እግርሽን አንሺ» መጣ፤ ሄደ። ከዚያ ሰባ፤ ሰባ ሰባት፤ ሰማንያ አራት። አጠገቤ ሰው ቢኖር አለቅስ ይሆን ነበር፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ከወንበሬ ተነሣሁ። ስነሣ እግሬን አንድ ነገር ያዘው።

ክር ነው። ነጭ፣ ቀጭን፣ ጠንካራ ክር። አንዱ ጫፉ ከጠረጴዛው ሥር ይመጣል፤ ሌላው በበሩ ሥር አልፎ ወደ ኮሪደሩ ይሄዳል። እንደ ተወጠረ ነው፤ ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

ተከተልኩት። ኮሪደሩን አቋርጦ፣ የጫማ መደርደሪያውን ታክኮ እማማ ክፍል ገባ። እማማ ልብሳቸውን እያጠፉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከሽርጣቸው ኪስ ውስጥ የክር ድውር ብቅ ብሎ በተራመዱ ቁጥር እየተተረተረ ይከተላቸዋል። አላወቁም።

ምንም ሳልናገር ተመለስኩ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ያልተንበረከከ ጉልበቴን አንበርክኬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከሳጥኑ አናት፣ ሙቀት ከሚወጣበት ወንፊት ላይ፣ ዳንቴል ተነጥፏል። እንደ ሌላው ዳንቴል አበባና ቀዳዳ ያለው አይደለም። ውሃ የሚይዝ ነው፤ ድርብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከአንዱ ዳር በቀር ልክክ ብሎ የገጠመ። በእጄ ስነካው እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ገፈፍኩት። የታፈነው ሙቀት ፊቴን መታኝና መነጽሬ በላብ ደመነ።

ዳንቴሉን ይዤ እማማ ክፍል ገባሁ። አይተው ደነገጡ። የደነገጡበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

«ውይ! ሳያልቅ አየሽው?»

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአቧራ መከላከያ ነዋ። አቧራ ይገድለዋል አላለም ሰውዬው? በጣም ጥቅጥቅ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ትንኝ አያሳልፍም።» ኩራት በድምፃቸው ውስጥ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ልኩን ለማየት አለብሰዋለሁ፤ ማታ አውልቄ እጨምርበታለሁ። ዛሬ ለማለቅ አንድ ጣት ቀረው ብዬ ቸኩዬ ድውሩን ሳልቆርጥ አለበስኩት መሰለኝ።»

«ዶክተር ሲመጣ የሚያወልቁትስ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ያላለቀ ሥራ ለእንግዳ ይታያል እንዴ?»

ተቀመጥኩ። ሰኞ ስንት ረድፍ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። አሥር አሉ። ማክሰኞ? ሃያ ሁለት። ዛሬ? ሠላሳ አራት። ደብተሬን አውጥቼ አየሁ፤ ሰባ አራት፣ ሰማንያ ሦስት፣ ዘጠና አንድ። ዳንቴሉ ሲያድግ ሙቀቱም እኩል አድጓል። ሦስት ቀን የፈለግሁት በሽታ በመርፌ ይሠራ ኖሯል። ሳቅ መጣብኝ፤ ስቄ ስቄ እንባዬን በዳንቴሉ ጠረግሁ። እማማ አልሳቁም። ዳንቴሉን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አነጠፉት።

«እኔ ነኝ ያሞቅሁት?»

«ፀሐዩም አለበት እማማ።»

«ተይ፣ አታባብይኝ።» በጣታቸው ረድፉን ዳሰሱ። «ለእሱም ሲታመም እንዲሁ ነበር። እኔ ብርድ ልብሱን አለብሰዋለሁ፤ ነርሷ ትገፈዋለች። አለብሰዋለሁ፤ ትገፈዋለች። ትኩሳት ነው፣ አየር ያግኝ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።»

«አስታውሳለሁ» አልኩ።

«ማን ነበር ልክ?»

«ሁለታችሁም» አልኩ። ክሩ ኮሪደሩን ሙሉ ተዘርግቶ ነበርና እሳቸው እየጠቀለሉ እኔ ከጫማዎቹ መካከል እየፈታሁ ሰበሰብነው።

ቁጡው ያን ቀንና ሌሊቱን በስልሳ አምስት ዲግሪ ሠራ። ሐሙስ ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል የመጨረሻውን ሥዕል ጨረሰ። ፋይሉን ላክሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ተቋራጩ ደወለ፤ ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«እህቴ፣ ቦርዱ አጨበጨበ! ሊቀ መንበሯ ሴትዮ ልክ እግሬ አዳራሹ ውስጥ ያለ መሰለኝ አለች። ቀሪውንም ንድፍ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

«ፏፏቴው ቢሮስ?»

«እነሱ በፏፏቴያቸው ይዋኙ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሊጠይቀን መጣ። ታሪኩን ስነግረው ወለሉ ላይ ተዘርሮ ሳቀ። እማማ ዳንቴሉን ግማሽ ድረስ ተርትረው እንደገና ሠርተውት ነበር፤ አሁን ክብ ነው። መላጣው ላይ ደፉለት። ጆሮው ድረስ ገጠመው።

«ይሄ ነው መጀመሪያም ልኩ» አሉ።

«እማማ፣ አሁን እኔ ዘጠና አንድ ዲግሪ እገባለሁ!»

«ግባ! ቢያንስ አቧራ አይነካህም።»

ኮፍያውን ሳያወልቅ በብስክሌቱ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየው።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ዳቦ በላን። ሁለት ሰዓት ላይ በእግሬ አውራ ጣት ቁጡውን ቀሰቀስኩትና ሥራ ሰጠሁት። አርባ ስድስት፤ ሃምሳ ሁለት፤ ሃምሳ ስምንት፤ ስልሳ፤ ስልሳ ሦስት። ወረቀቱ አልተርገበገበም። ቁጥሩ እንደ እንግዳ ሰው ሰላም ሳይለኝ አለፈ።

ከጎን ክፍል የእማማ ድምፅ መጣ። «ሙሽራዬ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«እየሠራሁ ነው እማማ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለ?»

አዲሱን ፕሮግራም ከፈትኩ። ሃምሳ ስምንት ላይ አንድ ነጥብ አስቀምጬ ሽቅብ ጎተትኩት፤ ስልሳ አንድ ላይ አወረድኩት። ማሽኑን አቀዝቅዤ እንደገና አሞቅሁት። ፋኖቹ ጮኹ። እማማ በሩ ላይ ቆሙ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ይሄ ማን ነው?»

«የድሮው ነው፤ እያስተካከልኩ ነው።»

«የድሮው አይደለም። ይሄ ይጮሃል። የድሮው ነበር የሚነሣው።»

ዝቅ አደረግሁት። «አሁንስ?»

«አሁን ትንኝ ሆነ።»

ከፍ አደረግሁት። «አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ባቡር።»

ደብተሬን አገላበጥኩ። የእያንዳንዱ ሰዓት ዲግሪ ተጽፏል፤ ቀይ መስመሩ ሳይቀር። የፋኑን ፍጥነት ግን አንድ ቀን አልጻፍኩትም። ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ዓመት በየጠዋቱ የሰማሁትን ነገር መጻፍ አላስፈለገኝም ነበር። ሰባት ጊዜ ሞከርን። በሰባተኛው እማማ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ። ጥቂት አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተይው ልጄ» አሉ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ሻዩን እኔ እጥደዋለሁ።»

የፋብሪካውን መስመር መለስኩት። እማማ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው መጡ፤ ስኳሩ በዝቷል፤ ጠጣሁት። ቁጡው ጤነኛ ነው። ሳጥኑ ንጹሕ ነው፤ አናቱ ላይ ምንም የለም። ካርዱ ስልሳ አምስት ዲግሪ ላይ ይሠራል። ሃምሳ ስምንት ላይ የሚነሣው ድምፅ የለም።